ናስ በእሳት አይጠነክርም

ስለ ቁልፍና ስለ በር ከአንባቢያን ለሚደርሱን ጥያቄዎች አንድ ባለሙያ ቁልፍ ሠሪ የሚመልሱበት ዓምድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ 24 ዓመቴ ነው። ቀን መጋዘን እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ የተቆለፈን ያለ ቁልፉ መክፈት እለማመዳለሁ። ለሌብነት አይደለም፤ ሲከፈት የሚሰማኝን ደስታ ብቻ ነው የምፈልገው። በቅርቡ እየመቱ የሚከፍቱበትን፣ ባምፕ ኪ የሚባለውን ቁልፍ ራሴ በሞረድ ሠራሁ። ሦስት ሠርቼ ሦስቱም ተበላሹ። የመጀመሪያው አሥር ጊዜ ያህል ብመታው ተጣመመ። ሁለተኛውን፣ አባቴ ቢላ ሲያጠነክር እንዳየሁት፣ ምድጃ ላይ አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ ጭራሽ ለሰለሰ። ሦስተኛውን ጀርባው ላይ ቀጭን ብረት በስታኞ ለጠፍኩበት፤ እሱ ደግሞ ጫፉ ተሰብሮ የአፓርታማዬ በር ውስጥ ቀረ። በፒንሳ ያወጣሁት ይመስለኛል፤ ግን አሁን የራሴ ቁልፍ እየታገለ ነው የሚገባው። እንዴት አድርጌ ላጠንክረው? ሲሳካልኝ አንዱን ሲያትል ላለው ወንድሜ በፖስታ ልልክለት አስቤያለሁ።
ኤ. ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ቁልፉ ከማውራቴ በፊት በርህ ያሳስበኛል። ቁልፍህ እየታገለ የሚገባው ውስጥ የቀረ ነገር ስላለ ነው፤ ወይ የናሱ ስባሪ ነው፣ ወይ የተፈረፈረ ስታኞ። ዘይት አታፍስበት። ስባሪውን ይዤ አወጣለሁ ብለህም ሱፐር ግሉ የነካ ነገር እንዳትከት፤ ያን የሚያደርጉ ሰዎች ሲሊንደሩን፣ ማለትም ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበትን ክፍል፣ ጨርሰው ይገድሉታል። አንድ ሌሊት ከሥራ ስትመለስ ቁልፉ አልገባም ብሎ ውጭ ያሳድርሃል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ከውስጥ በቁልፍ የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ ነው፤ እሳት ቢነሳ በምን ትወጣለህ? ዛሬውኑ ለሕንፃው ኃላፊ ንገረው፣ ሲሊንደሩን አስቀይር፣ ሒሳቡንም አንተ ክፈል። በሩ የአንተ አይደለም፤ የአከራዩ ነው።

በዚህ የትርፍ ጊዜ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ሁለት ሕግ አላቸው፤ ሁለቱንም አከብራለሁ። የራስህ ያልሆነውን አትንካ። የራስህም ቢሆን ሥራ ላይ ያለውን አትንካ። አንተ በአንድ በር ሁለቱንም ጥሰሃል። ክፋት እንደሌለህ ከደብዳቤህ አይቻለሁ፤ የምነግርህም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ናሱ ልምጣ። የጠየቅኸኝ ነገር እኔንም በልጅነቴ አሳስቶኛል።

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ አንድ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ማሽን አልነበረንም። ሞርሳ፣ ሦስት ሞረድና የኩራዝ ጭስ ነበር ያለን። ዋናውን ቁልፍ በጭሱ እናጠቁረውና ገና ካልተሞረደው ባዶ ቁልፍ ጋር ሞርሳ ውስጥ ጎን ለጎን አስረን፣ ጥቁሩ ሳይነካ ባዶውን እስኪመስለው እንሞርደዋለን። አንድ ቀን አንዲት እናት የሣጥን ቁልፍ ተጣሞባቸው መጡ። ጌታዬ ምሳ ሄዶ ነበር። ቁልፉን ከሰል ላይ አግዬ አቀናሁትና፣ ጠንካራ እንዲሆን ብዬ፣ ውኃ ውስጥ ጨመርኩት። ሲንሾካሾክ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሴትዮዋ ቁልፉን እንደ ቀለበት አጥፈው ይዘውት ተመለሱ።

ጌታዬ አልተቆጣኝም። አንድ ቁራጭ ናስና አንድ ቁራጭ የሞረድ ብረት አንሥቶ ሁለቱንም አጋላቸው፤ ሁለቱንም አንድ ባልዲ ውስጥ ጨመራቸው። «አሁን እጠፋቸው» አለኝ። ብረቱ እምቢ አለ፤ በመዶሻ ስመታው እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ናሱ በጣቶቼ ታጠፈ። ሞረድና ቢላ ውስጥ ካርቦን አለ፤ ከግለቱ በድንገት ሲቀዘቅዙ የሚጠነክሩት በእሱ ነው። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ እሳት ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠነክረውም፤ ውኃው ውስጥ ገባ አልገባ ለውጥ የለውም። አባትህ ልክ ነበሩ፤ እጃቸው ላይ የነበረው ግን ሌላ ማዕድን ነው።

ናስ የሚጠነክረው ሲቀጠቀጥ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በብርዱ ተዳምጦ ስለሚወጣ ባዶ ቁልፍ ሲገዛ ጠንከር ያለ ነው። አንተ በመታኸው ቁጥር ደግሞ ሌላ ጥንካሬ ትጨምርበታለህ፤ ከጥንካሬው ጋር ግን መሰንጠቅም አብሮ ይመጣል። ስንጥቁ የሚጀምረው ሞረዱ ሹል አድርጎ ከቆረጠበት ሥር ነው። የአቡጀዲ ነጋዴ ጨርቁን ሊቀድ ሲል ጫፉን በመቀስ ነካ አድርጎ በእጁ ይስበዋል፤ የቀረው ራሱ እየሄደ ይቀደዳል። የቁልፉም ነገር ይኸው ነው። ስታኞ ይህን አያድንም። ቆርቆሮ የበዛበት ለስላሳ ነገር ስለሆነ ምት አይችልም፤ ተፈረካክሶ የሚወድቀውም ሌላ ቦታ ሳይሆን ሲሊንደሩ ውስጥ ነው።

ኒኬል ሲልቨር ከሚባለው የተሠራ ባዶ ቁልፍ ከተራው ናስ ይሻላል፤ ስሙ ብር ቢልም ብር የለውም፣ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ብረት ከሁሉም ይጠነክራል። ግን ልጄ፣ ሲሊንደሩና ውስጡ ያሉት ትንንሽ ዘንጎች፣ ፒኖቹ፣ አሁንም ናስ ናቸው። ቁልፉን ከእነሱ በላይ ስታጠነክረው ተጎጂው ወዲያ ማዶ ያለው ይሆናል። የፒኖቹ ጫፍ ይደፈጠጣል፣ የሲሊንደሩ ፊት ቁልፉ ከሚያርፍበት ላይ ይጎደጉዳል። በሙያዬ እንዲህ የተመታ ሲሊንደር ፈትቼ አይቻለሁ፤ ጠባሳው በዓይን ይታያል። እንኳን ባምፕ ኪ፣ የራሱም ቁልፍ ከዚያ በኋላ በወጉ አይዞርለትም።

እኔ የምጠረጥረው እጅህን ነው። ቁልፍ በአሥር ምት የሚጣመም ከሆነ መዶሻህ ከብዷል፣ ወይም ቁልፉን እየጠመዘዝክ ነው የምትመታው፤ ከደብዳቤህ እንደገመትኩት ሁለቱንም ነው። ውስጡ ምን እንደሚሆን ብታየው ትገርም ነበር። በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ፒን ተደራርቦ ተቀምጧል፤ በላያቸው ስፕሪንግ አለ። ላይነስ ዬል ልጅየው እ.ኤ.አ. በ1861 ፓተንት ካወጣበት ጀምሮ አሠራሩ ብዙ አልተለወጠም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ፣ የሁለቱ ፒኖች መገናኛ ከሲሊንደሩ መዞሪያ መስመር ጋር ይገጥምና ይዞራል።

ብይ ተጫውተህ ታውቃለህ? ሁለት ብዮች ተነካክተው ቆመው አንዷን በሦስተኛ ብይ ስትመታት፣ የተመታችው ባለችበት ቀርታ ከኋላዋ ያለችው ትፈናጠራለች። ምቱ በአንዷ አልፎ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። እዚህም የታችኛው ፒን ባለበት ይቀራል፤ የላይኛው ይዘላል። ለዓይን ርግብግቢት ያህል የላይኞቹ ፒኖች ሁሉ ከመስመሩ በላይ ሲሆኑ ሲሊንደሩ ነፃ ነው። ብይ ለመምታት ማን መዶሻ ያነሣል? አጭርና ቀላል ምት ነው የሚፈለገው። አጥብቀህ ስትጠመዝዝ ደግሞ ፒኖቹ ግድግዳው ላይ ይጣበቁና ብትመታም አይዘሉም፤ ያኔ ጉልበትህ ሁሉ ቁልፉ ላይ ያርፋል፤ ቁልፉም ይጣመማል። ስለዚህ ቁልፉን ማጠንከር ትተህ እጅህን አቅልል።

ነገሩ ራሱ አሮጌ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1928 ለዚህ ዓይነት ቁልፍ ፓተንት ወጥቷል። ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ በመካከላቸው ሲይዙት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሪ ቬልስና ሮፕ ጎንግሪፕ የተባሉ ሆላንዳውያን ጽፈው አወጡት። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ተናደዱባቸው። እኔ ግን አመሰግናቸዋለሁ፤ ሕዝቡ በሩ ላይ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚጠብቀው የማወቅ መብት ነበረው። ፋብሪካዎችም ከዚያ ወዲህ ነው ስለዚህ ነገር በግልጽ መናገር የጀመሩት።

ወደ ሲያትል መላኩን ተወው። የፌዴራል ሕግ መቆለፊያ የሚከፍቱ መሣሪያዎችን ለቁልፍ ሠሪ፣ ለፋብሪካና ለመሰል ጥቂት ወገኖች ካልሆነ በስተቀር በፖስታ መላክ ይከለክላል። ቨርጂኒያ ደግሞ ከብዙ ስቴቶች ጠበቅ ይላል። የሰርሳሪ መሣሪያ የሚባለው ነገር ፈቃድ ከሌለው ሰው እጅ ከተገኘ፣ ሕጉ ያንኑ ለወንጀል ሐሳብ እንደ መነሻ ማስረጃ ይቆጥረዋል። ይኸውም «አልነበረም» ብሎ የማስረዳቱ ጣጣ አንተ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። እኔ ከቨርጂኒያ ግዛት የተሰጠኝን ፈቃድ በኪሴ ይዤ እንኳ ሌሊት በመኪናዬ ስሄድ መሣሪያዬን ኋላ ቆልፌበት ነው። አንድ ሐበሻ ወጣት መጋዘን ውሎ ሲመለስ ኪሱ ውስጥ የተሞረደ ቁልፍ ተገኝቶ ሌሊቱን ፖሊስ ጣቢያ እንዲያድር አልፈልግም። ከቤትህ አታውጣው።

ደስታውን እንድትተው ግን አልጠይቅህም። ያን ደስታ አውቀዋለሁ፤ 30 ዓመት ሠርቼ አሁንም ይሰማኛል። ያገለገለ ሲሊንደር በጥቂት ብር ግዛ፣ ትንሽ ሞርሳ ጠረጴዛህ ላይ እሰር፣ ሲሊንደሩን እሱ ላይ ያዘው። መጀመሪያ ፈታው። ነጭ ጨርቅ ዘርግተህ ፒኖቹን በየተራቸው ደርድር፤ ስፕሪንጓ ፈንጥራ ዓይንህ ውስጥ እንዳትገባ መነጽር አድርግ። ከዚያ አንድ ፒን ብቻ መልሰህ ግጠምና በመክፈቻ ሽቦና በመጠምዘዣ ክፈተው። ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። አምስት ላይ ስትደርስ ጣትህ ጆሮ ይሆናል። ምቱ እንዲህ አያስተምርም። ሲከፈት ለምን እንደተከፈተ አይነግርህም፤ ሳይከፈት ሲቀርም ለምን እንደቀረ አይነግርህም። ለዚህ ነው እኔ ባምፕ ኪን ከምር ያልወደድኩት።

የፈታኸውን መልሰህ መግጠም ካቃተህ ሱቄ ይዘኸው ና፤ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ነኝ፤ አብረን እንገጥመዋለን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የ14 ዓመት ልጅ አለኝ። በልደቱ ገንዘብ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ጋን ቁልፍና መክፈቻ ሽቦዎች ገዝቶ ከአልጋው ሥር ደብቆ አገኘሁበት። ስጠይቀው «ጨዋታ ነው» አለኝ። ሌባ ይሆንብኝ ይሆን? የቤቴንስ በር ልቀይረው?
እናት ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞዎት። የገዛው ውስጡ የሚታይ መሆኑ ደግ ምልክት ነው፤ መስረቅ የሚያምረው ልጅ አሠራሩን ለማየት ገንዘቡን አያወጣም። የደበቀው እርስዎን ፈርቶ ነው። ቡና ሲያፈሉ አጠገብዎ ያስቀምጡትና «ክፈተውና አሳየኝ» ይበሉት። ሲያሳይዎት ፊቱን ይዩት፤ ከእኔ መልስ በላይ እሱ ይነግርዎታል። ከዚያ ሁለቱን ሕጎች፣ ከላይ ለወጣቱ የጻፍኳቸውን፣ ጽፎ ክፍሉ ውስጥ ይለጥፋቸው። ወደ ትምህርት ቤት ግን አንዲት ሽቦ እንኳ እንዳይወስድ፤ በዚህ ላይ አይለሳለሱ።

ስለ በሩ፣ ቶሎ ገንዘብ አያውጡ። የሚመታ ቁልፍ የማይበግራቸው ዓይነቶች አሉ፤ የፊንላንዱ አብሎይ ለምሳሌ በፒንና በስፕሪንግ ፈንታ በሚዞሩ ክብ ዝርግ ብረቶች ስለሚሠራ የሚዘል ነገር የለውም። ዋጋው ግን ውድ ነው። እኔ ተጠርቼ ከሄድኩባቸው የተዘረፉ ቤቶች ብዙዎቹ በእርግጫ የተገነጠሉ ናቸው እንጂ በቁልፍ የተከፈቱ አይደሉም። በሩን ከፍተው መቀርቀሪያው የሚገባበትን፣ ፍሬሙ ላይ የተመታውን ብረት ይዩ። ብዙ ጊዜ የጣት አንጓ በማታክል ቪቴ ነው የሚታሰረው፤ የያዘው ቀጭኗን የፍሬም እንጨት ብቻ ነው። እሷን አውጥተው ከኋላ ያለውን የግድግዳውን ወፍራም እንጨት የሚደርስ ባለ 3 ኢንች ቪቴ ያስገቡበት፤ ማጠፊያዎቹም ላይ እንዲሁ። አራት ስምንት ቪቴ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ አይበልጥም።

ካቻቢቴውን ለልጁ ይስጡት። እርስዎ በሩን ይያዙለት።