ሐኪሙ «ቶሎ ቶሎ ብይ» ብሎኛል፤ ሁዳዴን እንዴት ልጹም?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ልብስ እሸጣለሁ። ጨጓራ ከያዘኝ ቆየሁ። ሐኪሙ ኦሜፕራዞል የሚባል የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ኪኒን አዘዘልኝና ‹ሆድሽን ባዶ አታቆዪው፣ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ቶሎ ቶሎ ብይ› አለኝ። እኔ ግን ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ቃጠሎውን እንደ መሥዋዕት ቆጥሬ እችለዋለሁ። በዘጠኝ ሰዓት በሽሮ እፈታለሁ፤ ከዚያ ቡናዬን እስከ በረካ ካልጠጣሁ ራሴን ይፈልጠኛል። ለነፍስ አባቴ አልነገርኳቸውም፣ ‹ሰበብ ፈለገች› እንዳይሉኝ ብዬ። ኪኒኑን ጠዋት ብውጠው ጾሜ ይፈርሳል? በዚሁ ብቀጥልስ?»

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። የኪኒኑን ቶሎ ልጨርሰው። ለሕመም የታዘዘ መድኃኒት ጾም አያፈርስም። ጠበል እየጠጣሽም ቢሆን መድኃኒትሽን አታቋርጪ። ሁለቱን የሚያጣላቸው ሰው ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላው ቃልሽ ነው። «ቃጠሎውን እንደ መሥዋዕት ቆጥሬ» ብለሻል። ይህን በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲጋመስ እሰማዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሉት ደጋጎቹ ናቸው፤ ለዚህም ነው የሚያሳዝነኝ። ይህን መሥዋዕት ማን ጠየቀሽ? ጢሞቴዎስ እንደ አንቺ ሆዱን የሚያመው ሰው ነበር። ጳጳስም ነበር። ውኃ ብቻ እየጠጣ ራሱን ይገታ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ «በርታ፣ ቻለው» አላለውም። «ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ እንጂ ወደ ፊት ውኃ ብቻ አትጠጣ» አለው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ደግሞ «ጥቂት» እንዳለ ልብ በይ፤ ይህችን ጥቅስ ይዘው ወደ ጠጅ ቤት የሚሮጡ አሉና። ፍትሐ ነገሥቱም በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲያዝ ሕመምተኛውን ከጤነኛው ለይቶ ነው የሚያየው።

ጾም ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት ነው። ሥጋን ማቁሰል ግን አልተባልንም። የቆሰለ ጨጓራ ይዞ መራብ ቁስሉን ሊያባብሰው ይችላል፤ የባሰበት ሰው ደግሞ መስገድም፣ ማስቀደስም፣ ገበያ ቆሞ ልጆቹን ማብላትም ያቅተዋል።

አሁን ሳትጠይቂኝ ወዳለፍሽው ልምጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መራብ አልከበደሽም። ቡናው ነው የከበደሽ። ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ በርበሬ የበዛበት ሽሮ፣ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ! ቡናን ጠላት ላደርገው አይደለም፤ የዘጌ ገዳሞቻችን ራሳቸው በቡና ደን መካከል ነው የቆሙት። ግን አንቺን ያቃጥልሻል። እንግዲህ ንገሪኝ፣ ላንቺ የትኛው ነው ጾም? የለመድሽው ረሃብ ወይስ የምትወጂው ስኒ? ረሃቡን ጎረቤት ያየዋል፣ «ጎበዝ ጿሚ» ይልሻል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ «ለኔ ይቅር» ማለትን ግን ማንም አያመሰግንሽም። እንዲያውም «ምን ሆነች?» ነው የምትባዪው። እኔ የአንቺ ነፍስ አባት ብሆን ከዚያ ነበር የምጀምረው። በአንድ ጊዜ አታቁሚው፤ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ እያልሽ ቀንሺ፣ ያውም ምግብ ከበላሽ በኋላ። ራስ ምታቱ በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ለራስ ምታቱ ብለሽ ደግሞ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዛሽ እንዳትውጪ፤ እነሱ ራሳቸው ጨጓራ የሚያቆስሉ ናቸው።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚያገለግል አንድ የጤና ባለሙያ ያስረዳኝን ልንገርሽ። ኦሜፕራዞል የሚወሰደው ምግብ ሊበላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው። ምግብ ሲመጣ ነው ሥራውን በደንብ የሚሠራው። ጠዋት ውጠሽው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልበላሽ መድኃኒቱን ግማሽ በግማሽ አባከንሽው ማለት ነው።

ደግሞ ልብ በይ፤ ሐኪሙ ሥጋና ወተት ብይ አላለሽም። ያለሽ ሰዓቱን ነው። ብዙ ሰው ይህን አይለይም። ሰዓቱ ቢፈቀድለት ጾሙ በሙሉ የቀረ ይመስለዋል። ጠዋት የአጃ አጥሚት፣ ረፋድ ላይ ሙዝ፣ ምሳ የፎገራ ሩዝ በካሮትና በድንች አልጫ፣ ሁሉም የጾም ነው። (ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የጣና ዳር ሙግት ዛሬ አላነሳውም፤ ያንን ከጀመርን አይመሽልንም።) በሌላ በኩል «ጨጓራ አለብኝ» ብሎ ረቡዕ ጥብስ በአዋዜ የሚያዝ፣ ማታ ድራፍት የሚጨምርበት ሰው አለ። ለእሱ የምጽፈው ሌላ ደብዳቤ ነው።

ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው አይስማማም። አንዱን በርበሬው ያቃጥለዋል። ሌላውን የሽሮው ጥራጥሬ ወይም የወጡ ሽንኩርት ሆዱን ይነፋዋል። ሦስተኛው ለፋሲካ ወተት ሲጠጣ ነው የሚታመመው። ስለዚህ የጎረቤትን ምክር ትተሽ ደብተር ያዢ። ምን በላሽ፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ ምን ተሰማሽ፤ ሁለት ሳምንት ጻፊና ለሐኪሙ አሳዪው። እራትሽን አምሽተሽ አትብዪ፤ በልተሽም ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አትተኚ።

አንድ ነገር ደግሞ። በእኛ አገር ሆድ ካመመ ሁሉም «ጨጓራ» ነው። የሰገራ ምርመራ አድርገሻል? ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ አሲድ መቀነሻ ብቻ አያድነውም። ከእሱ ጋር ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳሉ። ጾም ገባ ተብሎ መሀል ላይ የሚቋረጥ አይደለም። በጣና ዳርቻ ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ፤ ልጅነቱን በሐይቁ ሲዋኝ ያሳለፈ ሁሉ ይመርመር። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰሽ ወይም ሳታስቢው ከከሳሽ ግን ፋሲካን አትጠብቂ፣ የዚያኑ ዕለት ሂጂ።

የነፍስ አባትሽን ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። ኃጢአትሽን እየነገርሻቸው ሕመምሽን መደበቅሽ ትክክል አይደለም። በራስሽ ሥልጣን ጾም መቀነስ እንደማይገባሽ ሁሉ፣ በራስሽ ሥልጣን ሐኪም የከለከለውን መጾምም አይገባሽም። ሁለቱም የራስ ፈቃድ ነው። ጌታ «ሕመምተኞች እንጂ ባለ ጤናዎች ባለ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም» ሲል (ማቴ. 9፥12) ሕመምተኛ መሆን ነውር እንዳልሆነም ነግሮናል። የሐኪሙን ወረቀትና ደብተርሽን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ስንት ሰዓት ላይ ቁርስ እንደምትበዪ፣ ስለ ቀረው ሰዓት ፈንታ ምን ጸሎት ወይም ምን ምጽዋት እንደምትጨምሪ፣ ከቁርባን በፊት ያለውን ጾም ከመድኃኒቱ ጋር እንዴት እንደምታስማሚ እሳቸው ይወስኑልሽ። የቡናውንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።