ሁለተኛው ሰውዬ ይኑራችሁ፣ ግን ባለቤቱ ይታወቅ

ልጆች፣ ደሴ ላይ ስንት ዘመን ያስተማርኩ ሰው ነኝና ትንሽ ታገሱኝ። በተፈጥሮዬ ዓይነ አፋር ነኝ። ሠርግ ቤት ጥግ ይዤ የምቀመጥ፣ ፒያሳ ባለሱቁ መልስ ቢያጎድልብኝ ዝም ብዬ የምሄድ ዓይነት። ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ነጩን ጋዋን ለብሼ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን የጠመኔ ስብርባሪ ዳበስ ዳበስ አድርጌ ስገባ ድምፄ ራሱ ይወፍራል፣ ያ ሁሉ ተማሪ ጸጥ ይላል። ለዚያኛው ሰውዬ ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር (አልነግራችሁም)።

ማስመሰል ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም፤ ፈሪውም እኔ ነኝ፣ ባለጋዋኑም እኔ ነኝ። ቃለ መጠይቅ ላይ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ፣ ስብሰባ ላይ ሐሳብ እያላችሁ አፋችሁ የሚተሳሰር ልጆች፣ ደፋሩን እናንተን አስቀድማችሁ ብትገቡ ምን ነውር አለው? ዘፋኟ ቢዮንሴ እንኳ ለመድረክ ሳሻ ፊርስ የምትባል ደፋር ሴት ነበረቻት፣ ኋላ አታስፈልገኝም ብላ ተወቻት።

መተው ግን ይከብዳል። አንድ ባልደረባዬ ጋዋኑን ትምህርት ቤት ሰቅሎ ድምፁን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ልጆቹ እራት ላይ ለመናገር እጅ ያወጣሉ! እናንተም አለቃ ስትሆኑ አለቃውን ቢሮ አሳድሩት።

ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የደሴውን የአይጠየፍ አዳራሽ ያሠሩት የእኛው ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ አባ ሻንቆ ነበሩ። የፈረስ ስም ለፉከራና ለጦር ሜዳ ነው፣ ግን ማንንም አይደብቅም። አባ ዳኘው ሲባል ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

የዛሬው የፌስቡክና የቴሌግራም ስም ግን ሌላ ነው። ቀን ጎረቤቱን «አብሽር» እያለ ትከሻውን የሚመታ ልጅ፣ ማታ በሐሰት አካውንት የዚያኑ ጎረቤት ብሔር ሲሰድብ ያመሻል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያንም ይጨምራል፣ ፍርድ ቤት የሚቆመው ደግሞ አካውንቱ ሳይሆን ስልኩን የያዘው ነው።

መደበቅ ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። የደረሰባትን በደል በስሟ ለመናገር የምትፈራ ልጅ አለች፣ የመሥሪያ ቤቱን ሌብነት የሚያጋልጥ ሠራተኛ አለ። እነሱ ይደበቁ። ለስድብ የተከፈተውን ግን ዛሬውኑ ዝጉት፣ ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ የሰደባችሁትን ሰው ይቅርታ ጠይቁት፣ በራሳችሁ ስም።