የድብርት መድኃኒት ሲቀየር የሚመጣው ማዞርና ንዝረት

ጥያቄ፦ ለድብርትና ለጭንቀት ፓሮክሴቲን የተባለውን መድኃኒት በቀን 20 ሚሊ ግራም ለሁለት ዓመት ያህል ስወስድ ቆይቻለሁ። ሕመሙ ቢሻለኝም ክብደቴ በመጨመሩና የወሲብ ፍላጎቴ በመቀነሱ ሐኪሜ ወደ ቡፕሮፒዮን ቀየረልኝ። ፓሮክሴቲኑን ለአንድ ሳምንት 10 ሚሊ ግራም ከወሰድኩ በኋላ አቁሜ አዲሱን ጀመርኩ። ባቆምኩ በሦስተኛው ቀን ግን ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር ኤሌክትሪክ የነካኝ ያህል ጭንቅላቴን ይነዝረኝ ጀመር። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሌሊት በቅዠት እባንናለሁ፣ ቀን ደግሞ በትንሽ በትልቁ እንባዬ ይመጣል። ባለቤቴ «መድኃኒቱ ሱስ ሆኖብሃል» ትለኛለች። እኔ በበኩሌ አዲሱ መድኃኒት ሳይስማማኝ ቀርቶ ይሆን ወይስ ሕመሙ አገርሽቶብኝ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ቤት የተረፈኝን ፓሮክሴቲን ልመለስበት ወይስ ልታገሥ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ዓይነትና የጀመሩበት ቀን ሲታይ፣ የአብዛኞቹ ምክንያት የአዲሱ መድኃኒት መግባት ሳይሆን የቀድሞው መውጣት ይመስላል። በተለይ ከዓይን እንቅስቃሴ ጋር ብልጭ የሚለው ንዝረት ፓሮክሴቲንና መሰሎቹ ሲቋረጡ ብዙ ሰዎች የሚናገሩት ምልክት ነው። እጅግ የሚያስደነግጥ ስሜት ቢሆንም አንጎልን እንደሚጎዳ የታወቀ ነገር የለም።

ፓሮክሴቲን በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በነርቮች መካከል በብዛት እንዲቆይ ያደርጋል፤ ነርቮችም በጊዜ ብዛት ራሳቸውን ከዚያ ጋር አስማምተው መሥራትን ይለምዳሉ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቀር እንደገና ለመስተካከል ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ ማዞሩ፣ ማቅለሽለሹ፣ ቅዠቱና የስሜት መለዋወጡ የሚመጣውም በዚህ መካከል ነው። ችግሩ የሚከብደው መድኃኒቱ ከሰውነት ፈጥኖ የሚወጣ ሲሆን ነው። ፓሮክሴቲን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 21 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚፈጅበት በጥቂት ቀናት ተጠርጎ ያልቃል። ቬንላፋክሲን የተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ከዚህም ይፈጥናል፤ አንድ ቀን ክኒን የረሳ ሰው እንኳ ሊሰማው ይችላል። ፍሎክሴቲን የተባለው የፓሮክሴቲን መሰል በአንጻሩ አዘውትሮ ለወሰደው ሰው በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ቀን ይወስድበታል፣ በሰውነት ውስጥ የሚለወጥበት ንጥረ ነገርም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ስለዚህ በራሱ ቀስ እያለ የሚወጣ መድኃኒት ነው።

በእርስዎ ላይ ሌላም ነገር ተጨምሯል። ከፓሮክሴቲን ሰርትራሊን ወደተባለው መሰሉ የተዛወረ ሰው አዲሱም መድኃኒት በሴሮቶኒን ላይ ስለሚሠራ የቀድሞውን ጉድለት በከፊል ይሸፍንለታል። ቡፕሮፒዮን ግን የሚሠራው በዋናነት ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን በተባሉ ሌሎች የአንጎል ንጥረ ነገሮች ላይ ስለሆነ፣ ለድብርቱ ቢያገለግልም ፓሮክሴቲን የለቀቀውን ቦታ አይሞላም። ሐኪምዎ ከነገሩት ችግር አንጻር ምርጫው ምክንያታዊ ነው። የሚያጠያይቀው ፍጥነቱ ነው፤ ሁለት ዓመት ለቆየ ሰው ከ20 ወደ 10፣ ከዚያም በሳምንት ውስጥ ወደ ባዶ መውረድ ለብዙዎች ይፈጥናል። መድኃኒቱ በአንጎል ላይ ያለው ኃይል ከሚሊ ግራሙ ጋር እኩል አይቀንስም፤ በትንሽ መጠንም ቢሆን የሚሠራው ሥራ ብዙ ስለሆነ፣ ከ10 ወደ ዜሮ የሚደረገው ቅነሳ ከ20 ወደ 10 ከተደረገው እጅግ የጠለቀ ነው። መጨረሻው ላይ በትንንሹ መቀነስ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለቤትዎ ከሥጋት የተነሣ የተናገሩትን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ሰው በዚህ ቃል ተሸማቆ ሕክምናውን ይተዋልና። ሱስ ማለት አንድን ነገር ለስሜቱ ሲሉ መመኘት፣ መጠኑን ከፍ እያደረጉ መሄድ፣ ጉዳቱን እያዩም መተው አለመቻል ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ይህ የለም። ሰውነት ከመድኃኒት ጋር መላመዱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም በድንገት ሲቋረጡ ሰውነትን ያናጋሉ፣ ያንን ግን ሱስ የሚለው የለም።

ሕመሙ አገርሽቶ እንደሆነ ለመለየት ከሁሉ በላይ የሚረዳው ቀን መቁጠር ነው። የማቋረጥ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ በተቀነሰ ወይም በቆመ ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ይመጣል፤ ቀድሞ በሕመሙ ጊዜ ያልነበሩ የአካል ስሜቶችን፣ እንደ ንዝረትና ማዞር ያሉትን፣ ይዞ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ቢመለስ ደግሞ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ይበርዳል። ድብርት ሲያገረሽ ግን አመጣጡ ዝግ ያለ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ የቀድሞው ተስፋ መቁረጥና ነገር ሁሉ መሰልቸት እየተመለሰ ይሄዳል። ማልቀስና ጭንቀት በሁለቱም በኩል ስለሚታዩ ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። የአዲሱ መድኃኒት ጠባይም አለ፤ ቡፕሮፒዮን አፍ ያደርቃል፣ ያቁነጠንጣል፣ እንቅልፍም ይነሣል። ስለዚህ የሌሊቱን ነገር ሁለቱ መድኃኒቶች እየተጋገዙ አምጥተውት ሊሆን ይችላል። የሚወስዱት በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 8 ሰዓት ይኑር፣ ሁለተኛውንም ወደ መኝታ ሰዓት አያስጠጉት።

የተረፈዎትን ፓሮክሴቲን በራስዎ ውሳኔ አይጀምሩ። መጠነኛ ፓሮክሴቲን መልሶ ሰጥቶ ቀስ እያሉ መቀነስ ትክክለኛ የሕክምና መንገድ ነው፤ ነገር ግን ቡፕሮፒዮን ፓሮክሴቲንን የሚሰብረውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ፓሮክሴቲን በደም ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ሊከማች ይችላል። ይህን አስልቶ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ቡፕሮፒዮኑንም «ቶሎ ይሥራልኝ» ብለው ከታዘዘው በላይ አይውሰዱ፤ መጠኑ ሲጨምር የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ የማስከተል ዕድሉም ይጨምራል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ወይም የአመጋገብ መዛባት ሕመም ኖሮብዎት ለሐኪምዎ ሳይነግሩ ቀርተው ከሆነ ዛሬውኑ ይንገሩ።

ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ደውለው «ፓሮክሴቲን ካቆምኩ በሦስተኛው ቀን ንዝረትና ማዞር ጀመረኝ፤ ቀስ ብዬ እንድወርድ ሊደረግ ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ፓሮክሴቲን በፈሳሽ መልክም ስለሚዘጋጅ፣ በሚገኝበት ቦታ ትንንሽ መጠን ለመለካት ይመቻል። ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ ተደርጎ የተሠራ ክኒን ግን አይሰበርም፣ አይፈጭምም። አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድም፣ በተለይ እንደ ፓሮክሴቲን ፈጥኖ ለሚወጣ መድኃኒት፣ በየሁለት ቀኑ መቋረጥን እንደ መድገም ስለሆነ አይመከርም። ምልክቶቹ ቀላል ከሆኑና ሐኪምዎ ይታገሡ ካለዎት፣ በብዙ ሰው ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለዝባሉ፤ ወራት የሚቆይባቸው ሰዎችም ስላሉ ከዚያ ካለፈ በዝምታ አይቻሉት። እስከዚያው ከመቀመጫዎ ቀስ ብለው ይነሡ፣ ማዞሩ እስኪተው መኪና አይንዱ፣ ከአልኮል ይራቁ፤ የሚሰማዎትንም ከቀኑና ከወሰዱት መጠን ጋር በአጭሩ ይመዝግቡ። ባለቤትዎ የጠባይ ለውጥን ከእርስዎ ቀድመው ሊያዩ ስለሚችሉ ሐኪም ዘንድ አብረው ቢሄዱ መልካም ነው።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ፣ ራስን መሳት ወይም መንቀጥቀጥ ካጋጠመ፣ ያለ እንቅልፍ የሚያስፈነጥዝ ያልተለመደ ደስታ ከታየ፣ ወይም ትኩሳት ከጡንቻ መገታተርና ከመደነጋገር ጋር ከተነሣ፣ ይህ የሚታገሡት የማቋረጥ ምልክት አይደለምና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ።