61 ከየት መጣ? የማርክ አማካይ ለሚያሰላው መልመጃ መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። በሲ ፕላስ ፕላስ (C++) የፕሮግራም ቋንቋ የተማሪዎችን ማርክ ከኪቦርድ እየተቀበለ፣ -1 ሲጻፍ የሚያቆምና አማካዩን የሚያወጣ ፕሮግራም ጽፈሃል። 70፣ 85፣ 90፣ ከዚያ -1 ስታስገባ 81.67 መውጣት ሲገባው 61 ይወጣል። በቁጥር ፈንታ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ፕሮግራሙ ማቆሚያ ያጣል። ዱ-ዋይል (do-while፣ ትእዛዞችን የሚደጋግም ሉፕ) እንደተጠቀምክና ቫሪያብሎቹ (ዋጋ የሚይዙት ስሞች) ሁሉ ኢንት (int፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ዓይነት) እንደሆኑ ገልጸሃል፤ ይህ ለመልሱ በቂ ነው።

ኮዱን ከመነካካትህ በፊት 61ን ራሱን መርምረው። የሦስቱ ማርኮች ድምር 245 ነው። -1 ሲደመርበት 244 ይሆናል፣ ብዛቱም ከ3 ወደ 4 ይወጣል። 244 ለ4 ሲካፈል ልክ 61። እንግዲህ ማቆሚያው -1 እንደ ማርክ ተቆጥሮ ገብቷል፤ ሌላ ግምት አያስፈልግም። ጀማሪዎች ውጤቱ ሲበላሽባቸው መስመር መቀያየር ይጀምራሉ። የተሳሳተውን ቁጥር ይዞ በወረቀት ወደ ኋላ ማስላት ግን ስህተቱ ያለበትን ቦታ ይጠቁማል።

ለምን ገባ? ዱ-ዋይል ኮንዲሽኑን (ሉፑ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስነውን ጥያቄ) የሚፈትሸው መጨረሻ ላይ ነው። ሉፕህ ያነባል፣ ይደምራል፣ ይቆጥራል፣ «-1 ነው ወይ?» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ -1 ድምሩ ውስጥ ገብቶ አልቋል። ፍተሻው በማንበብና በመደመር መካከል መቀመጥ አለበት። ለዚህ ኮንዲሽኑን መጀመሪያ ላይ የሚፈትሸው ዋይል (while) ይመቻል፦

ድምር = 0
ብዛት = 0
ማርክ አንብብ
ማርክ -1 እስካልሆነ ድረስ ድገም፦
    ድምር = ድምር + ማርክ
    ብዛት = ብዛት + 1
    ማርክ አንብብ

«ማርክ አንብብ» ሁለት ቦታ መጻፉ ትርፍ ሊመስልህ ይችላል፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የታችኛውን ብታጠፋ ማርክ 70 እንደሆነ ይቀራል፣ ሉፑም አያልቅም። የላይኛውን ብታጠፋ ምንም ዋጋ ያልተሰጠው ቫሪያብል ይፈተሻል። ፋንክሽን (እንደ main ያለ የኮድ ክፍል) ውስጥ የታወጀ ኢንት በራሱ 0 አይሆንም፤ ድምርና ብዛትን ከ0 የምናስነሳውም ለዚህ ነው። ይህን የዘለለ ፕሮግራም አንዳንዴ ትክክለኛ መልስ ሰጥቶ ሌላ ጊዜ ትርጉም የሌለው ትልቅ ቁጥር ስለሚያወጣ ስህተቱን ለማግኘት ያስቸግራል።

ሉፑን ስታስተካክል 81.67 ሳይሆን 81 ይወጣል። አትደንግጥ፣ አዲስ ስህተት አልጨመርክም። ይሄኛው ከመጀመሪያውም ነበረ፤ 244 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ሳይታይ ቆየ እንጂ። ኢንት ለኢንት ሲካፈል ከነጥብ በኋላ ያለው ይቆረጣል። አይጠጋጋም፣ ይቆረጣል፤ 82 ያልሆነው ለዚያ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አማካይ» የሚለውን ቫሪያብል ደብል (double፣ ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) አድርጎ ለምን እንዳልተለወጠ ግራ ይገባዋል። ማካፈሉ የሚከናወነው መልሱ ወደ አማካይ ከመግባቱ በፊት ነው፤ የተቆረጠው 81 ደብል ውስጥ ቢገባም 81 ነው። ከመካፈላቸው በፊት ከሁለቱ አንዱ ደብል መሆን አለበት። እኔ የምመርጠው ድምርን ከመነሻው ደብል ብሎ ማወጅ ነው። ስታቲክ ካስት (static_cast፣ አንድን ዋጋ ወደ ሌላ ዓይነት የሚቀይር) ከተጠቀምክ በቅንፉ ውስጥ ድምሩን ብቻ አስገባ፤ ቅንፉ ሙሉውን ማካፈል ካቀፈ ተመልሰህ 81 ላይ ነህ።

ስታትም ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ እንዲታይ ፊክስድንና (fixed) ሴትፕሪሲዥን 2ን (setprecision) አብረህ ጻፍ፣ አይኦማኒፕ (iomanip) የሚባለውንም ሄደር፣ ማለትም ኮዱ መጀመሪያ ላይ የሚጠራውን ፋይል፣ አስገባ። ፊክስድን ከተውከው 2 ማለት በጠቅላላ ሁለት አሃዝ ማለት ስለሚሆን 82 ብቻ ይታይሃል።

ከማካፈልህ በፊት ደግሞ ብዛት 0 አለመሆኑን ጠይቅ። ተጠቃሚው ገና ሲጀምር -1 ቢጽፍ ምንም ማርክ የለም። ሁለቱም ኢንት ከሆኑ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ይዘጋል፤ ድምር ደብል ከሆነ ቁጥር ያልሆነ መልስ ይታተማል። «ምንም ማርክ አልገባም» ብሎ መጨረስ ይሻላል።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። ከኪቦርድ የሚያነበው ሲን (cin) ኢንት እየጠበቀ ፊደል ሲያገኝ ማርክ ውስጥ 0 ያስቀምጣል፣ ራሱንም «አልተሳካም» በሚል ሁኔታ ላይ ያቆማል፣ ፊደሉን ግን ከወረፋው (ተጽፎ ገና ካልተነበበው) አያነሳውም። ከዚያ በኋላ ያለ እያንዳንዱ ንባብ ኪቦርዱን ሳይጠብቅ ወዲያው ይመለሳል። ማርክ 0 እንደሆነ ይቀራል፤ 0 ደግሞ -1 ስላልሆነ ሉፑ ይቀጥላል። በየዙሩ ድምርንና ብዛትን ብታትም ድምሩ ቆሞ ብዛቱ ብቻ ሲሮጥ ታየዋለህ።

መፍትሄው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ንባቡ መሳካቱን በኢፍ (if) ጠይቅ። ካልተሳካ በክሊር (clear) የሲንን ሁኔታ ወደ ደህናው መልስ። ከዚያ በኢግኖር (ignore) እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን አስወግድና እንደገና አንብብ። ኢግኖርን ካስቀደምክ ሲን ገና ስላልተመለሰ ምንም አያስወግድም። ኢግኖርን ቅንፉን ባዶ አድርገህ ከጠራኸውም አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚጥለው፤ 1000 የሚል ወሰንና የአዲስ መስመር ምልክቱን ስጠው።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ አንድ ነገር አለ። 75.5 የጻፈ ሰው ቢኖር ኢንቱ 75ን ይወስዳል፣ «.5» ወረፋው ላይ ይቀራል፣ ተከታዩ ንባብ ተጠቃሚው ገና ምንም ሳይጽፍ ይወድቃል። ግማሽ ማርክ የሚፈቀድ ከሆነ ማርክንም ደብል አድርገው።

ከ0 እስከ 100 ውጭ ያለውን ማርክም አትቀበል፤ 85 ሊል የፈለገ እጁ ስቶ 850 ቢጽፍ አማካዩ ይበላሻል። እዚህ ላይ ኮንቲኒው (continue) የሚለውን፣ የቀረውን ዘልሎ ወደ ቀጣዩ ዙር የሚያሳልፈውን ትእዛዝ ለመጠቀም ትፈተን ይሆናል። ከላይ ባለው አጻጻፍ ግን ኮንቲኒው የታችኛውን «ማርክ አንብብ» ስለሚያዘልል 850 አይለወጥም፣ የስህተት መልእክቱም ሳያቋርጥ ይታተማል። መልእክቱን በኢፍ፣ መደመሩንና መቁጠሩን በኤልስ (else፣ ያለበለዚያ) ውስጥ አድርግ፤ ንባቡ ከሁለቱም ውጭ ይቆይ።

መምህሩ ዝቅተኛውንም ማርክ ከጠየቀ መነሻውን 0 አታድርገው፤ ከ0 የሚያንስ ማርክ ስለሌለ መልሱ ሁልጊዜ 0 ይሆናል። ከመጀመሪያው ትክክለኛ ማርክ አስነሳው።

ስትጨርስ በእነዚህ ሞክረው፦ -1 ብቻ ሲገባ መልእክቱ ይታይ፤ 70 እና -1 አማካይ 70.00 ይስጥ፤ 0 እና -1 ደግሞ 0.00፣ ምክንያቱም 0 ያገኘ ተማሪም ይቆጠራል፤ 70፣ 850፣ ፊደል፣ 85፣ 90፣ -1 ስታስገባ 81.67 ይውጣ። የመጨረሻው ካልሰራ ሉፑን ብቻ ቀንጭበህ ከወጣልህ ቁጥር ጋር ለጥፈው።