የሽፈራው ካፕሱልና የቀለሙ ፍተሻ

ጥያቄ፦ እኔና እህቴ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ከመርካቶ እየገዛን በካፕሱል ሞልተን ለመሸጥ አስበናል። ናሙናችንን ያየልን ባለሙያ ሐምራዊ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ሲለወጥ አሳይቶን «አንቲኦክሲዳንትነቱ (ሕዋሳትን የሚጎዱ ሞለኪውሎችን የማክሸፍ አቅሙ) ጠንካራ ነው» ብሎናል። ታዲያ በማሸጊያው ላይ «ካንሰርን ይከላከላል» ብለን መጻፍ እንችላለን? ካፕሱሉስ በጾም ይዋጣል?
ከፒያሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንዲህ ብላችሁ እንዳትጽፉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ያያችሁት ፍተሻ ዲፒፒኤች በተባለ ኬሚካል የሚሠራ ሲሆን፣ ኬሚካሉ ከቅጠሉ ኤሌክትሮን ወይም ሃይድሮጅን ሲቀበል ሐምራዊ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ የድብዘዛውም መጠን በ517 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ተለክቶ ብዙውን ጊዜ ከቫይታሚን ሲ ጋር ይነጻጸራል። ይህ በብልቃጥ ውስጥ የሆነ ነገር ነው፤ ከተዋጠው ዱቄት ምን ያህሉ ወደ ደም እንደሚገባና ጉበት ምን እንደሚያደርገው አይነግረንም። በካሮት ውስጥ የሚገኘው ቤታ ካሮቲንም በአንቲኦክሲዳንትነቱ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ነበር። ሆኖም በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመው፣ ከ29 ሺህ በላይ አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት የፊንላንድ ጥናት፣ በየቀኑ 20 ሚሊግራም በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የቀለም ለውጥ አይቶ ለሕመምተኛ ተስፋ መስጠት ከባድ ኃላፊነት ነው።

ለመሆኑ የተፈተሸው ቅጠሉ ነው ወይስ የተሞላው ካፕሱል? ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት የቅጠሉን ኃይል ስለሚቀንሱ፣ ካፕሱሉ ከተሞላ በኋላና ለወራት ከተቀመጠ በኋላም ፍተሻው መደገም አለበት። ዱቄቱ በደንብ ካልፈሰሰ አንዱ ካፕሱል ሙሉ፣ ሌላው ጎዶሎ ይሆናል፤ ስለዚህ 20 ካፕሱሎች አንድ በአንድ ይመዘናሉ፣ ይዘታቸው 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነም ከአማካዩ ከ7.5 በመቶ በላይ የሚርቁት ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥም በ30 ደቂቃ መፈራረስ ይጠበቅባቸዋል። የጀላቲን ሽፋን ራሱ ከ13 እስከ 16 በመቶ ውኃ ስለሚይዝ፣ እርጥበት የሚስብ ዱቄት ሲሞላበት ደርቆ ይሰነጠቃል። ከሁሉም በፊት ግን ከገበያ የተገዛው ዱቄት በእርግጥ ሽፈራው መሆኑ፣ ከሻጋታና እንደ ሊድ ካሉ መርዛማ ከባድ ብረቶችም ነጻ መሆኑ ይረጋገጥ።

ስለ ጾሙ፣ ጀላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ስለሚወጣ ከዕፅዋት ሴሉሎስ የተሠራውን ባዶ ካፕሱል ጠይቁ።

በሽታ እከላከላለሁ የሚል ምርት እንደ መድኃኒት ስለሚታይ፣ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ማነጋገር ግድ ነው። ለምክር ደግሞ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወርዳችሁ፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ጠይቁ።