ካውያው ከተገዛ በኋላ ምን ትፈልግ ነበር?

«31 ዓመቴ ነው፤ ካገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምገዛውን ነገር ሁሉ አጣርቼ ነው የምገዛው። በቅርቡ ካውያችን ተቃጠለና 19 ዓይነት ካውያ በሠንጠረዥ ሳወዳድር ሦስት ሳምንት አለፈ። ባለቤቴ ሰልችቷት አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አንዱን ገዝታ መጣች። በዚያው ምሽት ያንኑ ካውያ ሌላ ቦታ ቀንሶ አገኘሁትና አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ ፊቷ አይፈታም። ጭራሽ አሁን አሁን የገዛችውን ዕቃ ሳትነግረኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች፤ በኋላ ሳየው ‹ድሮም የነበረ ነው› ትለኛለች። እኔም ለሳሙናና ለአምፖል ሳይቀር እንዲህ መብሰልሰሌ አድክሞኛል። አባቴ ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ በስንት እንደተገዛ ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር፤ ከእሱ ሳልወርሰው አልቀረሁም። ቶሎ ለመወሰን የሚረዳ ዘዴ ብትጠቁሙኝ? ጠንቃቃነት ጥፋት አለመሆኑንስ እንዴት ላስረዳት?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤህን እዚህ አሳጥረነዋል እንጂ ስለ ካውያው ያልጻፍከው የለም ማለት ይቻላል። የገመዱ ርዝመት፣ የውሃ መያዣው፣ ክብደቱ ሁሉ አለበት። አንድ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። ካውያው ይሠራል? ልብስ ይይዛል? ውሃ ያንጠባጥባል? ስለዚህ አንድም ቃል የለም። ይሠራል ብዬ ልገምት፤ ባይሠራ ኖሮ የደብዳቤህ የመጀመሪያ መስመር እሱ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ስለ ሦስቱ ሳምንታት ሳይሆን ስለዚያ ምሽት እናውራ። ሰው ከመግዛቱ በፊት ቢያፈላልግ ሥራ ላይ ነው፤ የሚያገኘው መረጃ ለውሳኔው ይጠቅመዋል። ዕቃው ከካርቶኑ ወጥቶ ሶኬት ላይ ከተሰካ በኋላስ? ልትመልሰው አላሰብክም፤ አስቤ ነበር ብለህም አልጻፍክም። ታዲያ ያን ምሽት ስልክህን ይዘህ ምን ትፈልግ ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ ፍርድ ነው የፈለግከው። ገዢው ተሸውዷል ወይስ አልተሸወደም የሚል ፍርድ። በዚህ ዓይን ካየነው 19 መስመር ያለው ሠንጠረዥህም መልኩ ይለወጣል። ነገ አንድ ሰው «ለምን ይሄን ገዛህ?» ቢልህ እፊቱ የምትዘረጋው የመከላከያ ማስረጃ ነው። ማስረጃ ደግሞ በቃ የሚባልበት ልክ የለውም፤ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ቢኖር አይጠላም። ሳሙናው አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ምርጫ ሆኖ ሳለ ራስህን የምታደክመው ለዚህ ይመስለኛል። ሳሙናውን መምረጥ ቀላል ነው፤ ነቀፋ የማያገኘው ሳሙና መምረጥ ግን ማለቂያ የለውም።

ጠያቂው ማነው? አባትህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰህ አልፈሃል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለማውቃቸው ሰው ብዙ ልናገር አይገባም፤ ምናልባት ኑሮ አስጨንቋቸው የሚጠይቁ አባት ነበሩ። ነገር ግን «በስንት ተገዛ?» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ መልሱን ቀድሞ አዘጋጅቶ መጠበቅ ይለምዳል። ጠያቂው አጠገቡ በሌለበትም ማዘጋጀቱን አይተውም። አንተም ስትገዛ ተከሳሽ ሆነህ ነው የምትገዛው። ባለቤትህ ስትገዛ ደግሞ ወንበሩን ትቀይርና ትጠይቃለህ። ቅናሹን ስታሳያት ለመጥቀም አስበህ ይሆናል፤ እሷ የሰማችው ግን «ተሸወድሽ» የሚለውን ነው። ቁም ሳጥኑ የመጣው ከዚያ በኋላ መሆኑን ልብ በል። አንተስ በልጅነትህ «ድሮም የነበረ ነው» ብለህ ያስገባኸው ነገር አልነበረም?

ይህን ስል ማጣራት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጠንቃቃ ሰው ብዙ ጊዜ የተሻለውን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሺና አየንጋር፣ ሬቸል ዌልስና ባሪ ሽዋርትዝ ያወጡት ጥናት ሥራ የሚፈልጉ ተመራቂ ተማሪዎችን ተከታትሎ ነበር። «ምርጡን ካላገኘሁ» የሚሉት «የሚበቃኝ ከተገኘ ይበቃኛል» ከሚሉት በ20 በመቶ የሚበልጥ መነሻ ደመወዝ አገኙ። ባገኙት ሥራ የረኩት ግን ያነሰ ነው። ሁለቱን ዓይነት ሰዎች የለየው ሐሳብ መነሻው ኸርበርት ሳይመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ያገኘው። ሰው ጊዜውም መረጃውም ውስን ስለሆነ ምርጡን ፈልጎ አይጨርስም፤ አንድ ወለል ያስቀምጥና ያን ያለፈውን የመጀመሪያ ነገር ይወስዳል ሲል በ1956 ጽፏል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስንፍና ያየዋል። እኔ አላየውም፤ ወለሉን በትክክል ማስቀመጥ ራሱ ሥራ ነው።

ለአንተ የሚቀርበው ግን ሌላ ሙከራ ይመስለኛል። ዳንኤል ጊልበርትና ጄን ኤበርት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ፎቶግራፍ የሚማሩ ሰዎች ራሳቸው ካነሷቸው ፎቶዎች አንዱን መርጠው እንዲያስቀሩ ተደረገ። ለከፊሎቹ ምርጫው የመጨረሻ ነው ተባሉ፤ ለቀሩት ደግሞ ሐሳባቸውን ከቀየሩ ፎቶውን መለወጥ ይችላሉ ተባለ። የመረጡትን ፎቶ የበለጠ የወደዱት በሩ የተዘጋባቸው ናቸው። ልብ በሩ ሲዘጋ ከያዘው ነገር ጋር መላመድ ይጀምራል፤ ገርበብ ብሎ ከቀረ ግን ዓይኑ ውጭ ውጭውን ነው። አንተ በየምሽቱ በሩን መልሰህ ትከፍታለህ፤ ለራስህ ብቻ ሳይሆን ባለቤትህ ለዘጋችውም ጭምር።

ስለዚህ «ጠንቃቃነት ጥፋት እንዳልሆነ እንዴት ላስረዳት?» የሚለውን ጥያቄህን ለጊዜው እንድትተወው እጠይቅሃለሁ። ብታስረዳትም ክርክሩን ታሸንፍ ይሆናል እንጂ ዕቃው ከቁም ሳጥን አይወጣም። ደግሞም ሦስቱን ሳምንት የከፈልክ አንተ ብቻ አይደለህም፤ ያልተተኮሰ ልብስ ለብሳ ሥራ የሄደች ሴት አለች።

ዘዴ ጠይቀሃልና ጥቂት ልበል። ሁሉም ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ ሞክረህ የያዘልህን ያዝ።

ምንም ዕቃ ሳታይ በፊት፣ ወረቀት ላይ፣ ሦስት መስፈርት ብቻ ጻፍ። ለካውያ ቢሆን፦ ገመዱ ሶኬቱ ጋ ይደርሳል፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ አለው፣ ዋጋው ከዚህ አይበልጥም። አራተኛ የለም። ነገሩ የሚበላሸው ዕቃውን ቀድመህ ስታይ ነው። አንዱ ራሱን የሚያጠፋ ይሆናል፣ ሌላው እንፋሎቱ ይበረታል፤ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን መስፈርት ይዞልህ ይመጣና መለኪያህ ያድጋል፤ የሚያሟላ ነገርም ይጠፋል።

የፍለጋውን ጊዜ ብትሳሳት በሚደርስብህ ጉዳት ልክ ወስን። በወር ውስጥ ለሚያልቅ ነገር አምስት ደቂቃ፤ ያለፈውን ከወደድከው እሱኑ ድገመው። ለዓመታት ለሚያገለግል ትንሽ የቤት ዕቃ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለህ 30 ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት አማራጭ፤ መስፈርቱን ያሟላውን የመጀመሪያውን ውሰድ። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ ብታስተካክላቸው አልቃወምም፤ ብቻ ፍለጋው መሃል ላይ አይሁን።

ከገዛህ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ሞክረው፣ ደረሰኙንና ዋስትናውን አስቀምጥ፤ ከዚያ ለ30 ቀን ዋጋውን አትይ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዱሃል። እጅህ ወደ ስልኩ ሲሄድ ጭንቀቱ ይወጣል፤ ካላስታገስከው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወርዳል። ሰው የሚሳሳተው ፍለጋውን ትቶ ባለቤቱን «ጥሩ ነው አይደል? እርግጠኛ ነሽ?» እያለ ሲጠይቅ ነው። ያም በሰው አፍ ማጣራት ስለሆነ አይቆጠርልህም።

ከባለቤትህ ጋር ደግሞ ሁለታችሁም ሳትጠያየቁ የምታወጡት የወር መጠን አንድ ጊዜ ተነጋግራችሁ ወስኑ። ከዚያ በፊት ግን ስለዚያ ምሽት ይቅርታ ጠይቃት። አጭር ይሁን፤ «ግን እኮ በእርግጥም ይቀንስ ነበር» የሚል ጭራ አይኑረው።

ማጣራቱ ከግዢ አልፎ በር መቆለፍህን፣ የላክኸውን መልእክት፣ የሠራኸውን ሥራ ደጋግሞ ወደ ማየት ከተሻገረ፣ ወይም በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እየወሰደብህና እንቅልፍህን እየነካ ከሆነ ከደብዳቤ የዘለለ እገዛ ያስፈልግሃል። የሥነ ልቦና ወይም የሥነ አእምሮ ባለሙያ በአካል አግኝ፤ ለዚህ ውጤት የሚያሳይ ሕክምና አለ። እንዲህ ባይሆንም አንድ ሁለት ጊዜ ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ አማካሪ ብታዩ ደስ ይለኛል፤ እስካሁን የሰማሁት ያንተን ወገን ብቻ ነው፤ እሷም የምትለው ይኖራታል።

በአንድ ሳምንት ለውጥ አትጠብቅ። ደግሞ ያላየኸው ዕቃ ቤት ውስጥ ብታይ «ይሠራል?» ብለህ ብቻ ጠይቃት፤ ዋጋውን ራሷ እስክትነግርህ ጠብቅ።