ስካውቱ ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ

ልጆች እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን እዚህ ካናዳ ከኤድመንተንም ከካልጋሪም "ጋሼ ልጃችን የበረዶ ሆኪ ይጫወታል እስቲ ይምከሩልን" የሚል ወላጅ በዝቶብኛል፣ ለያንዳንዱ በስልክ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው። እኔ ለጁኒየር (ለወጣት) ቡድኖች ተጫዋች ስመለምል ያረጀሁ ስካውት ነኝ፣ ሪንኩ (የበረዶ ሜዳው) ጥግ ላይ ወፍራም ኮት ለብሶ ቡና ይዞ ብቻውን የሚቆም ሽማግሌ ካያችሁ ወይ እኔ ነኝ ወይ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

እና ያ ሽማግሌ ጎል አይቆጥርም። ጎሉማ ሰሌዳው ላይ አለ፣ ለሱ ብሎ በዛ ብርድ ማን ይነዳል። እኛ የምንገምተው ይሄ የ14 ዓመት ልጅ 19 ሲሞላው ምን ይሆናል የሚለውን ነው። ደብሊውኤችኤል፣ የምዕራብ ካናዳው ትልቁ የጁኒየር ሊግ፣ ልጆችን የሚመርጠው 15 በሚሞላቸው ዓመት ነው፣ ኤንኤችኤል፣ ትልቁ የፕሮ ሊግ፣ ደግሞ በ18፣ እና በ15 ዓመት አንዱ ጺም አውጥቷል ሌላው ድምፁ ገና አልጎረነነም ግን እኩል ይጋጫሉ። በዛ ላይ የዕድሜ ምድቡ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ስለሆነ የጃንዋሪ ልጅና የዲሴምበር ልጅ አንድ ቡድን ውስጥ ናቸው፣ ዓመት ሊሞላ ምንም በማይቀረው ልዩነት ማለት ነው። በ1980ዎቹ እዚሁ አልበርታ ሌዝብሪጅ ውስጥ ሮጀር ባርንስሊ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር ይሄን ነገር አጥንቶ ትልልቅ ቡድኖች ውስጥ የዓመቱ መጀመሪያ ወራት ተወላጆች እንደሚበዙ አሳይቷል። ስለዚህ ዘንድሮ ስማችሁ ካልተጠራ ልደታችሁ መቼ እንደሆነም አስቡት እንጂ ሆኪውን ብቻ አትውቀሱ።

ሩሲያዊውን ተጫዋች ዳትሱክን ታውቁታላችሁ አይደል? ሁለት ድራፍት (የኤንኤችኤል ቡድኖች በየዓመቱ ተራ በተራ ልጅ የሚመርጡበት) አልፎት የዲትሮይት ቡድን በ1998 የወሰደው 171ኛ ላይ ነው፣ ትንሽ ነው ደካማ ነው ተብሎ። በዓመቱ ስዊድናዊውን ዜተርበርግን 210ኛ ላይ ወሰዱ። ሁለቱንም ያመጣው ሆካን አንደርሰን የሚባል ስዊድናዊ ስካውት ነው፣ በ2008 ሁለቱም የኤንኤችኤልን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አነሱ። ማርቲን ሴንት ሉዊማ ጭራሽ ማንም አልመረጠውም፣ አጭር ነህ ተባለ፣ በ2004 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ።

እሺ ታዲያ ምንድነው የምታየው ትሉኛላችሁ። አንገት። ፐኩ (የሚመታው ጥቁር ጎማ) ጥግ ገብቶ ተከላካዩ ሊያመጣው ወደኋላ ሲሄድ እኔ ፐኩን ትቼ የልጁን አንገት ነው የማየው፣ ከመድረሱ በፊት በአንዱ ትከሻው ዞር ብሎ ካየ፣ ከዛ በሌላው ደግሞ ካየ፣ ማን እየተከተለው እንደሆነና ለማን እንደሚያቀብል ፐኩን ሳይነካ ጨርሶታል ማለት ነው። ሳያይ የደረሰው ግን ማሰብ የሚጀምረው ፐኩን ከነካ በኋላ ነው፣ እስከዛ ከጀርባው የመጣው ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። አስራ አራት ዓመት ላይ ጉልበት ያለው ልጅ ሳያይም ያመልጣል፣ ለዛ ነው አሰልጣኙ የማይናገረው፣ ላይኛው ሊግ ሲገባ ግን ሁሉም ጉልበት አለው። ጉልበት በዕድሜ ይመጣል፣ ማየትን ግን አሁን ነው የምትለምዱት፣ ትሬኒንግ ላይ ማንም ሳይከተላችሁም ዞር በሉ።

ሌላው ፐክ ስትነጠቁ ነው። እጁን ወደ ዳኛው የሚያነሳ አለ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤንች የሚሄድ አለ፣ ዞሮ እየሮጠ የሚመለስ አለ። እኔ ሦስተኛውን ስሙን እጽፋለሁ፣ ባይደርስም። ደግሞ አንዴ አይቼ አልወስንም፣ ከሜዳቸው ውጭ ሌሊቱን ሙሉ በባስ ተጉዘው የተጫወቱበትን ቀን መርጬ እሄዳለሁ፣ ዕቃ የሚይዘውን ሰውዬም ልጁ እንዴት ነው ብዬ እጠይቃለሁ፣ እሱ የሚያውቀውን አሰልጣኙ አያውቅም።

የኛ ቤት ልጆች ላይ አንድ የማየው ነገር አለ። ትልቅ ሰው ሲያናግራችሁ አንገት ደፍታችሁ "እሺ" ብቻ ትላላችሁ፣ አስተዳደጋችን ነው ጨዋነት ነው እኔም ደስ ይለኛል፣ ፈረንጁ ግን ፍላጎት የለውም ብሎ ይጽፍባችኋል። አይኑን እያያችሁ አውሩ፣ ጥያቄም ጠይቁ፣ ቤት ስትመለሱ እንደለመዳችሁት ሁኑ። ጥቁር ልጅ ሆኪ ምን አገባው ለሚላችሁ ደግሞ የኤንኤችኤል ኮከብ የነበረው ጃሮም ኢጊንላ እዚሁ ኤድመንተን አጠገብ ያደገ አባቱ ናይጄሪያዊ የሆነ ልጅ ነው በሉት፣ ሌላ ክርክር አያስፈልግም።

የወረቀቱን ነገር ሳልነግራችሁ። ድሮ በደብሊውኤችኤል የተጫወተ ልጅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሆኪ በር ይዘጋበት ነበር፣ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ያ ሕግ ለትልልቆቹ ኮሌጆች ቀርቷል፣ ብዙ ወላጅ ግን አሁንም በድሮው ምክር ልጁን እያስፈራራ ነው። ሊጉ ራሱም ለተጫወታችሁበት ለያንዳንዱ ሲዝን የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ይሰጣል። ከመፈረማችሁ በፊት ክፍያው ምን ምን እንደሚሸፍን፣ እስከመቼ ካልተጠቀማችሁበት እንደሚቃጠል፣ ፕሮ ከፈረማችሁ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ አስመልሱ፣ ኤጀንት ነኝ ባይ ቢያጣድፋችሁም እናትና አባታችሁ ሳያነቡት እንዳትፈርሙ።